90 ላይ የሚቆም ሬዲዮ

ተበላ፣ ከአስፋልቱ ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት ፊት ለፊት፣ በአንድ የቆየ ሃይሉክስ ጋቢና ውስጥ ሦስት ሆነን ተቀምጠናል። አጎቴ የሬዲዮውን ቁልፍ ያዞራሉ። ቁጥሩ ከ76 ይነሳል፤ 80፣ 85፣ 88 እያለ ይወጣና 90.0 ሲደርስ ተመልሶ 76 ይላል። በመሀሉ የሚሰማው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የመሰለ ሽሽታ ብቻ ነው። አምስተኛው ዙር ላይ አንድ ባጃጅ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። የባጃጁ ሬዲዮ በወላይትኛ ዜና ያነባል፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። አጎቴ ባጃጁን አዩት፤ ቀጥለው የራሳቸውን ሬዲዮ አዩት።

"አንቴናው ነው አባባ" አለ ልጃቸው ከኋላ ወንበር።

"አንቴናውን ትናንት ቀየርከው አይደል እንዴ?"

ጥፋቱ የአንቴናው አልነበረም፤ የመኪናውም አልነበረም። ሬዲዮው ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው። በጃፓን ደግሞ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ከ76 ሜጋኸርዝ ጀምሮ 90 ላይ ያልቅ ነበር። ከ90 እስከ 108 ያለውን ሰፈር ጃፓኖች ለረጅም ዘመን ለቴሌቪዥን ሰጥተውት ኖሩ፤ እስከ 95 ድረስ ያለውን ለሬዲዮ የለቀቁት የአናሎግ ቴሌቪዥናቸው በ2011 እ.ኤ.አ. መዘጋት ከጀመረ በኋላ ነው። እኛ የምንጠቀመው ከ87.5 እስከ 108 ያለውን ነው። አዲስ አበባ ላይ 97.1፣ 98.1፣ 102.1 እያልን በቁጥር የምንጠራቸው ጣቢያዎች፣ ወላይታ ሶዶ ላይ ወጌታ 96.6 እና ፋና 99.9፣ ሁሉም ከዚያ ሬዲዮ ጣሪያ በላይ ናቸው። ሬዲዮው ደህና ነው፤ የሚፈልገው ቶኪዮን ነው።

ለዚህ በሽታ የተሠራ መድኃኒት አለ። ባንድ ኤክስፓንደር የምትባል፣ የክብሪት ሳጥን የምታክል ዕቃ በአንቴናውና በሬዲዮው መሀል ትገባና ከአየር የመጣውን ሞገድ በተወሰነ ቁጥር ዝቅ አድርጋ ታቀብላለች። ቁጥሩ እንደ ስሪቷ ይለያያል። 18 የምትቀንስ ከሆነች 96.6 የነበረው 78.6 ላይ፣ 99.9 የነበረው 81.9 ላይ ይገኛል፤ ሹፌሩ በሆዱ እየደመረ ይኖራል ማለት ነው። ሒሳቡን እስከ መጨረሻ ከሄድንበት ግን ሌላ ጉድ ይወጣል። የሬዲዮው መስኮት ከ76 እስከ 90 ብቻ ስለሆነ፣ ከላይ የሚታየው ከ94 እስከ 108 ያለው ብቻ ነው። ከ94 በታች ያለ ጣቢያ እንደጠፋ ይቀራል።

ሁለተኛው መድኃኒት ሬዲዮውን ነቅሎ መጣል ነው። አጎቴ ይህንን መረጡ። ከመረጡ በኋላ ግን ነገሩ ሬዲዮ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ አንዱ ሲነቀል ሌላው ታየ።

መኪናው ደብል ጋቢና ነው፤ ናፍጣ፣ አራት ሲሊንደር። ቶዮታ ሃይሉክስን መሥራት የጀመረው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ አገር ገጠር ውስጥ "መኪና መጣ" ሲባል ስንት ጊዜ ይኸው መኪና እንደሆነ የሚቆጥር ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር። አጎቴ የገዙት በጨረታ አንስቶ ከሚሸጥ ነጋዴ ነው። በፊት የማን እንደነበረ በሩ ራሱ ይናገራል፤ ፀሐይ ቀለሙን ሁሉ ሲያጠወልገው አርማ ተለጥፎበት የነበረው ክብ ቦታ ብቻ እንደ አዲስ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ከፊት መከላከያው ላይ ረጅም የመገናኛ ሬዲዮ አንቴና የታሰረባቸው ሁለት የቡሎን ቀዳዳዎች አሉ። ጋቢናው ውስጥ ከዳሽቦርዱ ሥር የተቆረጠ ወፍራም ጥቁር ኬብል ተንጠልጥሏል።

ሁምቦ እንዲህ ያለ መኪና ብርቅ የሆነበት ወረዳ አይደለም። ተበላ የወረዳው ዋና ከተማ ናት። ከበላይዋ ያለው ተራራ ተራቁቶ ኖሮ፣ 2,728 ሄክታር መሬት ተከልሎ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ ከቀሩት ጉቶዎች እንዲያቆጠቁጥ ተደረገ፤ ሥራው በ2009 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዝግቦ ማኅበረሰቡ የካርቦን ገንዘብ እንዲያገኝ አስችሏል። ለደኑ፣ ለውኃው፣ ለጤናው፣ ለትምህርቱ የመጣ ሁሉ በፒክአፕ ነው የመጣው። ፕሮጀክት ሲያልቅ መኪና ጨረታ ይወጣል። ስለዚህ በደቡብ መንገድ ላይ ሙዝና ማንጎ፣ ጣውላና ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ፒክአፕ ግማሽ ዕድሜውን በስብሰባና በመስክ ጉብኝት ያሳለፈ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገዢ ሁሉ ሊያየው የሚገባው ግን ከሞተሩ በፊት ወረቀቱን ነው። በቀረጥ ነፃ የገባ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት፤ ያንን ሳያረጋግጥ ወንበር ያሰፋ ሰው ለጉምሩክ ነው ያሰፋው።

ድሮ ቢሆን አሮጌውን ሸጦ ትንሽ ጨምሮ የተሻለ መግዛት ይቻል ነበር። ያ በር በአምስት ዓመት ውስጥ ከሦስት ወገን ተዘጋ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪናን በዕድሜው ልክ እየቀጣ መግባቱን አከበደው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ መኪና ማስገባት ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የመለዋወጫው ዋጋ ከዶላሩ ጋር አብሮ ወጣ። ከዚህ በኋላ አሮጌ ፒክአፕ ያለው ሰው መለወጡን ትቶ ማደሱን ያዘ። አጎቴም "ከእንግዲህ እኔና እሱ አብረን ነው የምናረጀው" ብለው መኪናውን ይዘው ሶዶ ወጡ፤ እኔም ልጃቸውም ተከተልን።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር፤ አጎቴን መንገድ ላይ ያደረቅኳቸው በእሱ ነው። አሮጌ መኪና ውስጡን የሚያሳድስ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከእስክሪኑ ነው። መጀመሪያ ትልቅ እስክሪን፣ ቀጥሎ ትልቅ ስፒከር፣ ቀጥሎ መብራት፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ወንበሩና ሽቦው እንደነበሩ ይቀራሉ። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ቴፑ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። (ቴፕ የምለው አውቄ ነው። ፊሊፕስ ካሴትን ለዓለም ካስተዋወቀበት ከ1963 እ.ኤ.አ. ወዲህ ካሴቱ መጥቶ ሄዷል፤ እኛ ግን ፍላሽ የሚሰካበትንም፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኘውንም እስከ ዛሬ "የመኪና ቴፕ" ነው የምንለው። ስሙ ከዕቃው በለጠ።)

ስለዚህ መጀመሪያ የሄድነው ወንበር ሰፊ ጋ ነው። የሚሠራው ከሶዶ መናኸሪያ ብዙም በማይርቅ የቆርቆሮ ቤት ነው። ደጁ ላይ የሚኒባስ ወንበሮች እርስ በእርስ ተደራርበዋል፤ ውስጥ ጥቁር ሲንጀር መኪና፣ ጥቅል ሌዘር፣ የማስቲሽ ሽታ። የአጎቴን ሃይሉክስ በር ከፈተና የሹፌሩን ወንበር በመዳፉ ተጫነው። እጁ ሰምጦ ብረት ላይ አረፈ።

"ጋሼ፣ የሚያሠሩት ልብስ ነው ወይስ ወንበር?"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"ልብስ ከሆነ ነገ ይውሰዱት። ወንበር ከሆነ ሦስት ቀን።"

ልዩነቱን ያሳየን ወንበሩን ፈትቶ ካወጣ በኋላ ነው። ከላይ የተቀደደው ጨርቅ ጥቂቱ ነገር ነበር። በበሩ በኩል ያለው የወንበሩ ጠርዝ ሹፌር በገባና በወጣ ቁጥር እየተጨፈለቀ ሙሉ በሙሉ አልቋል፤ ስለዚህ የተቀመጠ ሰው ሳያውቀው ወደ በሩ ያዘነብላል። አጎቴ ወገባቸውን ስንት ዓመት በሽፈራው ቅጠልና በቅባት ሲያክሙ እንደኖሩ እኛ እናውቃለን፤ ወንበር ሰፊው ግን የሰው ወገብ ሳያይ ከስፖንጁ ብቻ አወቀ። "የቀኝ ወገብዎን ነው የሚያምዎ" አላቸው። አጎቴ ለልጃቸው "ሰማህ?" አሉት፤ ልጁ ምን ማለት እንደነበረበት ግን አልገባንም።

ስፖንጅ እንዴት እንደሚገዛም እዚያው ተማርን። ሰው ውፍረቱን አይቶ ነው የሚገዛው፤ ውፍረት ግን ያታልላል። ወንበር ሰፊው እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ቁራጭ አንስቶ በሁለት እጁ መዘናቸው። ከባዱ ነው የሚቆየው፤ ቀላሉ አየር ነው፣ በስድስት ወር ተመልሶ ብረት ላይ ያስቀምጣል። አውራ ጣቱን ከባዱ ላይ ተጭኖ ለቀቀ፤ ጉድጓዱ ወዲያው ሞላ። ቀላሉ ላይ ደገመው፤ ጉድጓዱ ሰው እንደረገጠው ጭቃ ትንሽ ቆየ።

አሮጌው ልብስ አይጣልም። ስፌቱ አንድ በአንድ ይፈታና እያንዳንዱ ቁራጭ አዲሱ ሌዘር ላይ ተዘርግቶ በጠመኔ ይከበባል፤ ፋብሪካው የቆረጠው ልክ ከእርሱ የተሻለ አይገኝም። ልብሱን ከወንበሩ ብረት ጋር የሚያያይዙት ትንንሽ የሽቦ ቀለበቶች ግን አንዴ ከተፈቱ አያገለግሉም፤ ወንበር ሰፊው ከማሰሪያ ሽቦ እየቆረጠ በፒንሳ ጠምዝዞ አዳዲስ ሠራ። ክሩ ናይሎን ነው። ጥጥ ክር በፀሐይ ይበሰብሳል፤ ልብሱ ሳያረጅ ስፌቱ ይፈታል።

ከዚያ የቀለም ጦርነት መጣ። የአጎቴ ልጅ የፈለገው ቀይ ሌዘር በነጭ መስመር ነው፤ አንድ ሚኒባስ ላይ አይቶታል። ወንበር ሰፊው ሌዘር የሚባለው ነገር ከላም ቆዳ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ፕላስቲክ እንደሆነ፣ ሁምቦ ቆላ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ቆሞ የዋለ መኪና ውስጥ ጥቁርም ቀይም ሌዘር ጭን እንደሚጠብስ አስረዳ። ጨርቅ ደግሞ ላብ ያስተነፍሳል፤ ግን የወላይታን ቀይ አፈር ይጠጣል። ስምምነቱ እንዲህ ሆነ፦ የሚቀመጡበትና ጀርባ የሚያስደግፉበት መሀሉ ጨርቅ፣ ሰው የሚታከከው ጎኑና ጠርዙ ሌዘር፣ ቀለሙ ቡናማ። "አቧራው ራሱ ቡናማ ነው፤ ከእሱ ጋር ከምጣላ ልምሰለው" አሉ አጎቴ። ልጁ የተረፈችለት ራስ መደገፊያዋ ናት፤ እሷን በወላይታ ባህላዊ ጨርቅ በዱንጉዛ፣ በጥቁር በቀይ በቢጫ አስለበሳት። ለእኔ ከሁሉም ያማረችው እሷ ነች።

ወንበሮቹ ከወጡ አይቀር ምንጣፉም ተነሳ። ከሥሩ የወጣውን ብዘረዝር አያልቅም፤ ሳንቲም፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ የበቆሎ ፍሬ፣ ከስብሰባ የተረፈ የስም መለያ ባጅ ክሊፕ። ዋናው ግን እርጥበቱ ነው። የመገናኛ ሬዲዮው ኬብል የገባበት ቀዳዳ ሳይደፈን ቀርቶ ለዓመታት ውኃ ሲያስገባ ኖሯል፤ ላሜራው በመዳፍ ስፋት ዝጎ ነበር። ምንጣፉ ደርቆ ስለሚታይ ማንም አላወቀም። ተፋቀ፣ ተበየደ፣ ፀረ ዝገት ተቀባ። ለቴፕ የተቀመጠው ገንዘብ የመጀመሪያውን ቁራሽ እዚህ ላይ አጣ።

በሦስተኛው ቀን አንድ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ጋ ሄድን። ዝምተኛ ወጣት ነው። ዳሽቦርዱን በካቻቢቴ ፈትቶ ከሬዲዮው ጀርባ ያለውን የሽቦ ጥቅል ሲያወጣ ግን መናገር ጀመረ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሽቦ ላይ የቀድሞ ሠሪ እጅ አለ። የፋብሪካው ሶኬት ተቆርጦ ተጥሏል፤ ሽቦዎቹ በእጅ ተጠምዝዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። በሙቀት የናስትሮው ማስቲሽ ቀልጦ ወርዷል፤ ሁለት ራቁት ሽቦዎች በአንድ ጣት ርቀት ይተያያሉ።

ለሚገዛም ለሚያሠራም የሚጠቅም ነገር ስለሆነ ቀለማቱን ልንገራችሁ። ለገበያ የሚሸጥ የመኪና ቴፕ ሽቦዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው። ቢጫው ቁልፍ ቢጠፋም ባይጠፋም ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል የሚያገኘው ነው፤ ሰዓቱንና የተያዙትን ጣቢያዎች የሚያስታውሰው በእሱ ነው። ቀዩ መኪናው ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚያገኘው ነው። ጥቁሩ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቭ ነው። ነጭና ግራጫ የፊት ስፒከሮች፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ የኋላ። ቀዩና ቢጫው ከተቀያየሩ ቴፑ መኪናው በጠፋ ቁጥር ሁሉን ይረሳል፤ ስንት ሰው "ዕቃው ፎርጅድ ነው" ብሎ የመለሰው ቴፕ ጥፋቱ ይኸው ብቻ ነበር። ከዚህ የባሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ከባትሪ ማሰር ነው። ያን ጊዜ ቴፑ አይረሳም፣ ግን አይተኛምም። ሒሳቡ ቀላል ነው። በደንብ ያልተኛ ባለ እስክሪን ቴፕ 0.3 አምፒር ቢወስድ በ24 ሰዓት 7.2 አምፒር-ሰዓት ይሆናል፤ 70 የሚል ባትሪ በአምስት ቀን ግማሹን ይጨርሳል። ለለቅሶ ሄዶ ሳምንት የሰነበተ ሰው ተመልሶ መኪናውን በሰው የሚያስገፋው ለዚህ ነው።

የፊውዝ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ለአምፕሊፋየር ከባትሪ በቀጥታ የሚሳብ ወፍራም ሽቦ በሞተሩና በጋቢናው መሀል ያለውን ላሜራ ሲያልፍ፣ የቀዳዳው ጠርዝ ጎማ ካልለበሰ በኮረኮንች መንገድ ላይ እንደ መጋዝ ሽፋኑን ይቆርጠዋል። ፊውዙ ጋቢና ውስጥ ከሆነ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ሁሉ ጠባቂ የለውም። መቀመጥ ያለበት ባትሪው አጠገብ ነው፤ ከአንድ ስንዝር ቢርቅ እንኳ ብዙ አይራቅ። ሰው "ፊውዝ ዕቃውን ይጠብቃል" ይላል። ኤሌክትሪሽያኑ ራሱን ነቀነቀ፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ ሽቦው የሚጠብቀው መኪናውን።

ይህ አደጋ ከመኪና ሬዲዮ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ፖል ጋልቪን የተባለ ነጋዴ መኪና ላይ የሚገጠም ሬዲዮ አውጥቶ ሞቶሮላ አለው፤ በኋላ የኩባንያው ስም የሆነው ይኸው ነው። ብድር የሚፈልግበትን ባለ ባንክ ለማስደሰት ሬዲዮውን በሰውዬው መኪና ላይ አስገጠመለት። ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መኪናው በእሳት ተያያዘ ይባላል። ብድሩንም አላገኘም። ታሪኩን ለኤሌክትሪሽያኑ ስነግረው አልሳቀም። "ፊውዝ አላደረገማ" አለ።

ሽቦው ሁሉ ተቆርጦ በአዲስ ተተካ፤ ተበየደ፣ በሙቀት የሚሸበሸብ ላስቲክ ለበሰ። አጎቴ ቆመው ሲያዩ ቆዩና "ይኼ ሁሉ ሥራ ተመልሶ ዳሽቦርዱ ሥር ሊደበቅ ነው?" አሉ። አዎ፤ ተደበቀ።

ስፒከር ላይ ስንደርስ የአባትና የልጅ ጠብ እውነተኛ መልኩን ያዘ። የሱዳን የውስጥ ሚስዮን በ1928 እ.ኤ.አ. ሶዶ ከገባ ወዲህ ወላይታ የመዝሙር አገር ነው፤ አጎቴም የቃለ ሕይወት ሰው ናቸው። ጋቢናቸው ውስጥ የሚሰሙት ኳየር ነው፤ እያንዳንዱ ቃል መሰማት አለበት። ልጁ ደግሞ መስከረም ላይ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲመጣ ወጣቱ ትከሻና ወገቡን የሚያንቀሳቅስበትን ምት ነው የሚፈልገው፤ ደረት ላይ የሚያርፍ ከበሮ። አንደኛው የሚፈልገው የሰው ድምፅ የሚኖርበትን መሀሉን ነው፤ ሁለተኛው ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ነው።

ናፍጣ ሞተር ከሁለቱ በማን ወገን እንደሆነ ያወቅኩት በዚያ ቀን ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በአንድ ዙር ሁለቴ ይተኩሳል። በደቂቃ 2,400 ዙር ሲሄድ በሰከንድ 80 ጊዜ ማለት ነው፤ 80 ኸርዝ ደግሞ ከበሮው የሚኖርበት ቤት ነው። ስለዚህ ቆሞ ሲሰማ የሚያንቀጠቅጠው ቤዝ መንገድ ላይ ሲወጣ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ሞተሩ በዚያው ቁጥር እየዘፈነ ይሸፍነዋል። ሹፌሩ ድምፅ ይጨምራል፤ ሲጨምር የሚጮኸው ላይኛውና መሀሉ ነው፤ ጆሮው ደክሞ አርባ ምንጭ ይገባል። ከሶዶ አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀላል መንገድ አይደለም።

የካርቶኑ ላይ ጽሑፍም እዚህ ይመጣል። እያንዳንዱ ቴፕ "4 በ50 ዋት" ወይም ከዚያ በላይ ተጽፎበታል። ሞተሩ ሲሠራ መኪናው ውስጥ ያለው ኃይል 14.4 ቮልት አካባቢ ነው፤ ስፒከሩ 4 ኦም። በዚህ ቮልት ያለ አምፕሊፋየር ንጹሕ ሆኖ ሊወጣ የሚችለው ቢበዛ 26 ዋት ያህል ነው፤ በተግባር ወደ 20 ይጠጋል። ቀሪው የካርቶኑ ዋት ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ቴፕ የሚሸጥልንን የሱቅ ሰው ዞሮ አየው፤ ሰውዬው ደግሞ ስልኩን አየ።

ታዲያ ድምፅ በምን ይሻሻላል? በበሩ። ስፒከር ወደፊት የሚገፋውን አየር ያህል ወደኋላ ይስባል፤ የፊቱና የኋላው አየር ከተገናኙ ቤዙ እርስ በእርሱ ይጠፋፋል። የሃይሉክስ በር ውስጡ ትልልቅ ቀዳዳ ያለው ቀጭን ላሜራ ነው። ከቀዳዳዎቹ ላይ የነበረው ፕላስቲክ በየጥገናው ተቀዶ አልቋል፤ በዚያ በኩል ድምፁ ይጠፋል፣ ውኃውም ወደ ጋቢና ይገባል። ኤሌክትሪሽያኑ በሩን በጣቱ ቆረቆረው፤ የጀሪካን ድምፅ ሰጠ። ጀርባው አሉሚኒየም የሆነ ተለጣፊ ቡታይል ላስቲክ በቁራጭ በቁራጭ አስገብቶ በሮለር ተጫነው። ቀዳዳዎቹን ደፈነ። ደግሞ ቆረቆረው፤ ዱብ አለ፤ እንጨት መሰለ። አንዳንዶች በዚህ ፋንታ ለቤት ጣሪያ የሚሆነውን ሬንጅ ያለበትን ይለጥፋሉ፤ ርካሽ ነው፣ ግን በቆላ ሙቀት ይላላል፣ ጋቢናውም አዲስ አስፋልት አዲስ አስፋልት ይሸታል።

አራቱም በሮች ተሠሩ። የፊቶቹ ላይ ስድስት ተኩል ኢንች መካከለኛ ስፒከር ተገጠመ፤ ከኋላ ወንበር ሥር ደግሞ ጠፍጣፋ ዉፈር ከነአምፕሊፋየሩ። ፒክአፕ የዕቃ ክፍሉ ከጋቢናው ተለይቶ ውጭ ስለሆነ፣ ቪትዝ ላይ ከኋላ የምናየውን ትልቅ ሳጥን የምታስቀምጥበት ቦታ የለም። የልጁ ድርሻ ያ ዉፈር ነው። የአጎቴ ድርሻ የዉፈሩን ማጥፊያ ቁልፍ በመሪው በግራ፣ እሳቸው ብቻ በሚደርሱበት ቦታ ማስገጠማቸው ነው።

ስለ እስክሪኑ የምለው ጥቂት ነው፤ የተረፈው ገንዘብም የሚበቃው ለጥቂት ነበር። የቶዮታ ዳሽቦርድ ክፍተት ስፋቱ 200 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 100 ነው፤ ብዙው ዓለም የሚጠቀምበት መለኪያ 180 ስለሆነ በግራና በቀኝ መሙያ ፕላስቲክ ካልገባ ጥርስ እንደወለቀ አፍ ይታያል። ዘጠኝ ኢንች አንድሮይድ ተትቶ ሁለት ቁልፍ ያለው፣ በጓንትም በአቧራማ ጣትም የሚዞር፣ ብሉቱዝና ፍላሽ የሚቀበል ተራ ቴፕ ተገዛ። ከመገጠሙ በፊት አጎቴ አንድ ነገር ብቻ አረጋገጡ። ቁልፉን አዞሩት፤ 90፣ 91፣ 92 እያለ አለፈ።

ወደ ተበላ የተመለስነው አመሻሽ ላይ ነው። የዳሞት ተራራ ከኋላችን ጠቁሯል። መስኮቶቹ ተዘግተው ጋቢናው ውስጥ ያለው ዝምታ ሁላችንንም አስደነገጠን፤ ማንም በሹክሹክታ ቢናገር ይሰማል። አጎቴ አዲሱ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ከፍ ስላሉ የኋላ ማያ መስታወቱን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ። 96.6 ላይ በወላይትኛ አንድ ሰው ስለ ዝናብ ያወራል። ልጁ ከኋላ "አባባ፣ ዉፈሩን አንዴ" አለ። አጎቴ እጃቸውን ወደ ቁልፉ ሰደዱ፤ ግን ሬዲዮውን ነው ያጠፉት።

"ዝም በሉ እስቲ።"

ዝም አልን። አስፋልቱ ላይ ያለ አንድ ጉድጓድ ስናልፍ ከኋላ በቀኝ በኩል እንደ አሮጌ አልጋ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማን። ሌላ ጉድጓድ፤ ደገመው።

"ይኼ ድሮም ነበረ?" አሉ አጎቴ።

"ነበረ መሰለኝ" አልኩ። "ባሌስትራው ነው። በሩ ሲንኳኳ አይሰማም ነበር።"

አጎቴ ፍጥነት ቀነሱ፤ ቀጣዩን ጉድጓድ ፈልገው በቀኝ ጎማ አለፉበት።

"ነገ ጠዋት ሶዶ ነን" አሉ።